አረም የሴት ነው ያለው ማነው

የአረም ስብሰባ ተጠርቶ አንድም አራሚ አልተጠየቀም።

ኡሙሃኒን አንጀቷን የቆረጣት ይኸው ነው። ስለ በሬ ቢሆን እሺ፣ ስለ ጎርፍ መጥለፊያው ቦይ ቢሆን እሺ፣ ወንዱ ያውራ። የተጠራው ግን ስለ አረም ነው። ከሮቢት ወደ ቆላው ዘቅዘቅ ብላ ባለችው በዚያች መንደር ወንድ ያርሳል፣ ማሽላ ይኮተኩታል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ጤፍ ማሳ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ አረም የነቀለ ወንድ ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። ጤፍ ማረም የሴት ነው። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ መቼ እንደተባለ አይታወቅም፤ ብቻ የሴት ነው።

ወንዶቹ ግራሩ ሥር አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ሴቶቹ ከኋላ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል አረም መንቀል የጀመረችው ኡሙሃኒ የአንዱን ጎረምሳ ሰፊ ጀርባ ስታይ ዋለች።

እፀገነት የምትባል የግብርና ባለሙያ፣ ከቆቦ በሞተር ሳይክል የምትመጣ ቀጭን ልጅ፣ ፊት ቆማ ተናገረች። ቅንጨ የሚሉት ያ ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቶ ማሳ መግባቱን አነሣች። መሬት ደጋግሞ ካልታረሰ አረም እንደማይለቅ፣ ለጤፍ የሚሆን ቱፎርዲ የሚባል መድኃኒት እንዳለ፣ እሱም ጊዜና ልክ እንዳለው አስረዳች።

«እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለች በመጨረሻ።

አያ ካሳ ጉሮሮውን ጠረገ። የመንደሩ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ሳይናገር ስብሰባ አይበተንም።

«መድኃኒቱ ለእኛ ምን ያደርግልናል ልጄ? በእጅ የታረመ ጤፍ በረከት አለው። እኛ ደግሞ እጅ አላጣንም።»

«እውነት ነው፣ እጅ አለን» አለ አግዳሚው በሙሉ።

«የማን እጅ?» አለች ኡሙሃኒ ከኋላ።

«ማነው ደግሞ?» አለ ካሳ፣ ማን እንደሆነች ልቡ እያወቀ።

«እኔ ነኛ። እጅ አለን አልክ። እስቲ ያንተን ከጋቢው አውጣውና እንየው።»

አያ ካሳ እጁን አላወጣም። ሳቅ ተነሣ። ከሣቁት ሁሉ ያቃጠላት የገዛ ልጇ ነው። ኡበይድ ዘወር ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ «እማ፣ ተይ እስቲ፣ ይሄ የእርሻ ጉዳይ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ስለ ማዳበሪያ ተወራ። ሰው ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ወደየቤቱ ሄደ።

ሰው ሁሉ ኡሙሃኒን አሮጊት ስለሆነች የድሮውን የምትወድ አድርጎ ያስባታል። አንድ ጊዜ ከከተማ ካሜራ ይዘው የመጡ ሰዎች «እማማ፣ ድሮ ያለ መድኃኒት አረምን በምን ነበር የምታሸንፉት?» ብለው ጠየቋት። «በወገቤ» አለቻቸው። ሰዎቹ ሣቁ። እሷ አልሣቀችም። የድሮው የሚሉት ነገር እስከ ዛሬ እሷው ወገብ ላይ ተቀምጧል፤ ማለዳ ስትነሣ ከእሷ በፊት ይነሣል፣ ስትተኛ ከእሷ በኋላ ይተኛል። አረምን በመርጨት መግደል የሚቻል ከሆነ፣ አላህ ለሰጠው እውቀት ምስጋና ይግባው ብላ ነበር የተቀበለችው፤ በልቧ።

ልቧን ያስቸኮለው ደግሞ የኡበይድ ሚስት ነበረች። ጀዊሪያ አምና የጤፉን ቅንጨ ስትነቅል ሰንብታ እጇ አበጠ፤ ቀጥሎም በየጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጠቀ። አንገቷ እንደ እሳት ቀላ። ከዚያም ባሰ፣ ሲመሽ ትንፋሿ እንደ ዋሽንት ማፏጨት ጀመረ። ቆቦ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ነበር። «ይህ ተክል ለአንቺ አይሆንም፣ አትንኪው፣ አጠገቡም አትድረሽ» ተባለች። ኡበይድ ይህን በጆሮው ሰምቷል። ያኔ ከልቡ ደንግጦ ነበር። ክረምት መጥቶ ጤፍ ሲዘራ ግን ረሳው፤ ወይም ያልረሳውን ረሳሁ አለ።

መሬቱንም በወጉ አላረሰውም። ገመሰው፤ ደገመው፤ ለሦስተኛ ጊዜ አርሶ ሊያሰልሰው ሲገባ በሬዎቹን ለጓደኛው አውሶ እሱ ራሱ ጎብዬ ከተማ ሲልከሰከስ ሰነበተና መጥቶ ዘራው። በዚያ ሰሞን ኡሙሃኒ ድንበሩ ላይ ቆማ ነግራዋለች።

«አንድ ጊዜ ጨምርበት እንጂ ኡበይድ። ሙጃ ሣሩ ተገለበጠ እንጂ አልሞተም። ሥሩን እየው፣ ነጭ ነው፤ ነገ ይነሣል።»

«የቀረውን ሴቶቹ ይለቅሙታል እማ።»

እንዲህ ነበር ያለው። ማረሻው ያልሠራውን የሴት ጣት ይሠራዋል ማለቱ ነው። በሬው ያረፈበትን ቀን ጀዊሪያ ተንበርክካ ትከፍለዋለች ማለቱ ነው። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አባቱም እንዲሁ ይል ነበር፣ የአባቱም አባት። ኡሙሃኒ ለባሏ በዚያን ጊዜ መልስ አልመለሰችለትም። ያኔ አፏ እንደ ዛሬው አልተሳለም ነበር።

ስብሰባው በተበተነ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ኡበይድ ከማሳ መጥቶ በር ላይ ሳይቀመጥ ጠየቃት።

«እማ፣ ጅጌው መቼ ነው?»

ለጤፍ አረም የሴቶቹን ጅጌ፣ ደቦውን፣ የምትጠራው ኡሙሃኒ ናት። በየበሩ እየዞረች «ነገ የእነ እገሌ ነው» ትላለች፤ በማግስቱ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እሷ የመጀመሪያውን መስመር ይዛ፣ የአንዷን ማሳ ጨርሰው ወደ ሌላዋ ያልፋሉ። ይህን ሹመት ማንም አልሰጣትም። ማንም ሊነጥቃትም አይችልም።

«ጅጌ የለም» አለች።

«እንዴት የለም? ከነገ ወዲያ ነው?»

«ዘንድሮ የለም። ጆሮህ ላይ ጤፍ በቀለበት እንዴ?»

«እማ፣ ቅንጨው ጤፉን ሊበልጠው ነው!»

«አይቼዋለሁ። ሙጃውንም አይቼዋለሁ። ያሳደግከው አንተ ነህ፣ አንተው ንቀለው።»

«ወንድ ልጅ ተንበርክኮ ጤፍ ያርማል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን እንደሚልህ አላውቅም። ጀዊሪያን ሐኪሙ ምን እንዳላት ግን አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ።»

ጀዊሪያ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ወጥታ «እማ ኡሙሃኒ፣ ግድ የለም፣ እጄን በላስቲክ አስሬ እሞክራለሁ» አለች።

«ትንፋሽሽንም በላስቲክ ታስሪዋለሽ? ግቢ አንቺ። ደግነት ሲበዛ ጅልነት ነው።»

ኡበይድ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ነገሩ ግን በአንድ ቤት አልቀረም። ኡሙሃኒ ጅጌ አልጠራም ማለቷ እንደ ሰደድ እሳት መንደሩን ዞረው። አንዳንዷ ሴት ደስ አላት፣ አንዳንዷ ፈራች። ዚነት የምትባለው ጎረቤቷ፣ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች መበለት፣ ማጀቷ ድረስ መጣችባት።

«እትዬ፣ የምትይው ሁሉ እውነት ነው። አፈር ስሆን፣ ጤፉ ቢጠፋስ? ወንዶቹ እልክ ይዘው ቢተዉትስ? የሚራበው የእኔ ልጅ ነው እኮ፣ የካሳ ጋቢ አይደለም።»

ኡሙሃኒ በበሩ በኩል ቁልቁል አየች። ማሳው ዓይኗ ላይ ነበር፤ አረንጓዴው ከላይ ሲታይ ያምራል፣ ጠጋ ሲሉት ግን ጤፉ ቀጥኖ አረሙ ፈርጥሟል። የአንድ ዓመት እንጀራ ነው። ይህን አጥታው አይደለም እንቢ ያለችው።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ብፈራም ግን አልጠራም። አንድ ጊዜ ከጠራሁ፣ ሺህ ዓመት እንደጠራሁ እቀራለሁ። ያንቺን ማሳ እኔና አንቺ ብቻችንን እናርመዋለን፤ አንቺ የሚያርስልሽ ወንድ ለምነሽ ነው ያገኘሽው፣ አንቺን አልቀጣም። የእነሱን ግን አልነካም።»

ዚነት እንባዋን ጠርጋ ሣቀች። «አይ እትዬ፣ አንቺን የወለደች ማህፀን!»

ቀጥሎ የመጣው አያ ካሳ ነው፣ ከዘራውን ይዞ፣ አስታራቂ መስሎ።

«ኡሙሃኒ፣ በልጅነታችን ከብት አብረን ጠብቀናል። እንደ ወንድምሽ ስሚኝ። በልጅሽ ከተቀየምሽ ልጅሽን አርሚው፤ ጤፍ ምን አደረገ?»

«ልጅ ማረምም የሴት፣ ጤፍ ማረምም የሴት። አያ ካሳ፣ እናንተ ምንድን ነው የምታርሙት?»

ካሳ በከዘራው ጫፍ መሬቱን ቆፈር ቆፈር አደረገ።

«ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» አለ።

«ድሮማ ወገብ ነበረኝ።»

ሽማግሌው ሄደ። ወሬው አንድ ተጨማሪ ነገር ይዞ ወደ ኡበይድ ደረሰ፤ እናትህ መንደሩን ልታስርብ ነው የሚል። ኡበይድ ተዋረደ። የተዋረደ ወንድ ደግሞ አንድ ነገር በቶሎ አድርጎ ማሳየት ይወዳል። የገበያ ቀን ባጃጅ ተሳፍሮ ቆቦ ገባ። «የአረም መድኃኒት፣ ጠንካራውን» አለ። የሰጡትን ይዞ ተመለሰ። ቱፎርዲ አላለም። እፀገነትንም አልጠራትም። በእሱ ቤት አረም አረም ነው፣ መድኃኒትም መድኃኒት።

በማግስቱ ማለዳ ከጓደኛው የተዋሰውን መርጫ በጀርባው አዝሎ፣ አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ፣ ባዶ እጁን፣ ከማሳው ታችኛው ጫፍ ጀመረ። ኡሙሃኒ ከሩቅ አየችው። እውነት ለመናገር ደስ አላት። አልሃምዱሊላህ አለች፤ ያ ግትር ወዲያ ወዲህ እያለ ጭጋግ ሲረጭ፣ ወገቧ ራሱ ቀለል ያለው መሰላት። ግማሽ ያህሉን ከረጨ በኋላ ነፋስ ከዞብል ተራራ በኩል ተነሣ፤ የረጨው ወደ ራሱ ፊት ተመለሰበት። አቋረጠና ገባ።

የለበሰውን አውልቆ ለጀዊሪያ ጣለላት። ጀዊሪያ በዚያ እጇ አጠበችው። ባዶውን ጠርሙስ ደግሞ፣ ጥሩ ጠርሙስ ነው፣ ክዳኑም ይዘጋል ብሎ፣ አለቅልቆ ከዘይቱ አጠገብ አቆመው።

ሳምንት ሳይሞላ ቅንጨው ጠወለገ። ኡበይድ በመንደሩ ደረቱን ነፍቶ ዞረ። «አረም የሴት ነው ያላችሁ፣ ይኸው በአንድ ማለዳ ጨረስኩት» አለ፤ እንዲያ ያለው ራሱ መሆኑን ረስቶ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ሰው ስለ ማሳው ሲጠይቀው ወሬ ይለውጥ ጀመር። ጀዊሪያን «ወደ ታችኛው በኩል አትሂጂ፣ እባብ አለ» አላት። እናቱን ግን እባብ አለ ብሎ የሚያስቀራት ማን ነው?

ኡሙሃኒ ረፋዱ ላይ ወረደች። ከሩቅ ስታየው የመከር ወራት የደረሰ መሰላት፤ የማሳው እኩሌታ ቢጫ ነው። በነሐሴ ጤፍ ቢጫ አይሆንም። ቀርባ አየች። ቅንጨውም ሙጃውም ጤፉም አንድ ላይ ደርቀው ተኝተዋል። በቢላ የተቆረጠ ይመስል፣ ከዚህ ወዲህ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ የሞተ። ዝቅ ብላ አንድ ጭብጥ ነቀለች፤ ሣሩ እንደ ገለባ ወደ እጇ መጣ። ሥሩም ጠቁሯል።

«ያረቢ! ይሄ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?» አለች። የሚሰማት አልነበረም።

በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የጠላችው ኡበይድን አልነበረም። መድኃኒቱን ነው። ከዚያም ያመነችውን ራሷን። በልቧ ያዘለችው ተስፋ፣ ማንም የማይንበረከክበት ጤፍ፣ እግሯ ሥር ደርቆ ተጋድሟል። ቢሆንም ተቀምጣ አላለቀሰችም። ጀዊሪያን «ያቺን የቆቦ ልጅ በስልክ ጥሪልኝ» አለቻት።

እፀገነት በማግስቱ ሞተሯን አስነሥታ መጣች። ማሳውን አየች፤ ከዚያ ጠርሙሱን አምጡልኝ አለች። ጀዊሪያ ከዘይቱ አጠገብ አንሥታ ስታመጣላት፣ የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

«ይሄ ምግብ ያለበት ቤት ውስጥ ነበር? ሁለተኛ እንዳይገባ! ዘይቱንም ድፉት፣ ነክቶት ይሆናል። ልብሱንስ ማን አጠበው?»

«እኔ» አለች ጀዊሪያ።

«ከእንግዲህ የረጨ ሰው ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ለብቻው። እጅሽን አሳዪኝ።» የተሰነጠቀውን እጅ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወደ ኡሙሃኒ ዞረች። «እማማ፣ ይህ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ቦታው ነው የተሳሳተው። ይህ የሚረጨው ሳይታረስ፣ ሳይዘራ፣ ባዶ መሬት ላይ ነው። አረንጓዴ ነገር ካገኘ ያደርቃል። ጤፍ ነው አረም ነው ብሎ አይለይም።»

«ጤፍን ከቅንጨ መለየት አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ልጄን ይመስላል።»

እፀገነት ሣቀች፤ ኡሙሃኒ ግን አልጨረሰችም። «የቀረውስ እኩሌታ? ያኛው ያልሽው፣ ቱፎርዲ፣ እሱ ይለያል?»

«እሱ ይለያል። ሰፊ ቅጠል ያለውን፣ ቅንጨውን፣ ይመታል፤ ጤፉን ይተዋል። ጊዜው ግን ሊያልፍ ነው፤ ነገ ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ መረጨት አለበት። እኔ ቆሜ ልኩን አሳያለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ማንም አይንበረከክም?»

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ማሳው አየች። መዋሸት የማትችል ዓይነት ነበረች። «ሙጃው ይቀራል እማማ። ሙጃ ሣር ነው፣ ጤፍም ሣር ነው፤ ቱፎርዲ ለሁለቱም እኩል ይራራል። ሙጃን የሚያሸንፈው ሳይዘራ በፊት ደጋግሞ ማረስ ነበር። አሁን ያለው እጅ ብቻ ነው።»

ኡሙሃኒ የፈለገችው ይህ አልነበረም። ሁሉንም የሚያነሣላት አንድ ነገር ነበር የፈለገችው። ቢሆንም አንድ ነገር አግኝታለች። ሙጃው የማን ዕዳ እንደሆነ አሁን ከተማረ ሰው አፍ ሰምታለች፤ የማረሻ ዕዳ ነው። ማረሻ የያዘ ደግሞ ይታወቃል።

እነሱ ሲነጋገሩ ወሬው ቀድሞ መንደር ደርሶ ነበርና ወንዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ድንበሩ ላይ ተሰበሰቡ። አያ ካሳም ከዘራውን ይዞ መጣ። ዚነትና ሌሎቹ ሴቶች ከቦዩ ማዶ ቆሙ። በመጨረሻ ኡበይድ ራሱ መጣ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

«ኡበይድ፣ ጤፍህን አጭደህ ጨረስክ እንዴ በነሐሴ?» አለ አንዱ።

«የለም፣ በእሳት ቆልቶት ነው፤ በሶ ሊያደርገው» አለ ሌላው።

ሳቁ እንደ ድንጋይ ወረደበት። ኡበይድ ሳቁን የሚወረውርበት ሰው ፈለገና አገኘ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት? እናቴ ናት!» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ጅጌውን ብትጠራው ኖሮ በሰዓቱ ታርሞ ነበር! በስብሰባው ለመድኃኒቱ የተከራከረችው እሷ ናት! ሴቶቹን እሷ ናት የከለከለችው! ጠይቋት!»

ሰው ሁሉ ወደ ኡሙሃኒ ዞረ። በስብሰባው ቀን ከኋላ ያስቀመጧት ሴት፣ ዛሬ አግዳሚም ሣርም በሌለበት በሜዳው መሃል፣ የሞተውና ያልሞተው ጤፍ በሚዋሰኑበት ላይ ቆማለች።

«ኡሙሃኒ» አለ ካሳ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ያለፈው አለፈ። ልጁም ተቀጣ። የቀረውን ጤፍ እናድን፤ ሴቶቹን ጥሪያቸውና ሙጃውን ያንሡት። አንቺም ቃልሽን አትርፊ፣ እኛም...»

«ቃሌን አንተ አታተርፍልኝም አያ ካሳ። እኔው ይዤዋለሁ።» ወደ ልጇ ዞረች። «አዎ፣ ጅጌ የከለከልኩት እኔ ነኝ። መድኃኒትም ፈልጌያለሁ፤ አሁንም እፈልጋለሁ። አልደብቅም፣ አላፍርም። አንተ ግን አጠፋሁ ለማለት አፍህ ስለከበደህ እናትህን ፊት ለፊትህ አቆምክ። ይሄ ሙጃ ከየት መጣ? ከሰማይ ዘነበ? አሰልሰው ስልህ፣ ሴቶቹ ይለቅሙታል አልከኝ። ይኸውልህ ሴቶቹ፤ ማዶ ቆመዋል። ጠይቃቸው እስቲ፣ ይለቅሙልህ እንደሆነ።»

ኡበይድ ቀና ብሎ አየ። ከቦዩ ማዶ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዚነት ነጠላዋን አጣፍታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከኋላቸው ጀዊሪያ ቆማለች፤ እሷ ብቻ ናት አንገቷን ያቀረቀረች፣ ታማ ሳይሆን ለባሏ አፍራለት።

«እማ...» አለ ኡበይድ።

«እማ አትበለኝ፣ ስማኝ። ይሄ የደረቀው መሬት ዛሬ ነገ ሳይባል፣ ዝናቡ ሳይከዳን ይታረሳል። ገምሰህ አትተወው። ትደግመዋለህ፣ ታሰልሰዋለህ፣ ሥሩ ፀሐይ እስኪያይ፤ ከዚያ ማሾ ትዘራበታለህ፣ ማሾ ፈጥኖ ይደርሳል። ነገ ማለዳ ይቺ ልጅ ቆማ እያየችህ በቀረው እኩሌታ ያለውን ቅንጨ ትረጫለህ፣ ልክ እንዳለችህ፣ ከራስህ አትጨምር። ልብስህን ራስህ ታጥባለህ። ጀዊሪያ ዘንድሮም ለከርሞም ጤፍ ማሳ አትገባም።»

«ሙጃውስ?» አለ አንዱ ከወንዶቹ፣ በቀስታ።

«ለሙጃው ጅጌ እጠራለሁ።»

ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ካሳ እንኳ ፈገግ ሊል ነበር።

«እናንተን ነው የምጠራው» አለች ኡሙሃኒ። «በየበራችሁ እመጣለሁ። ሚስትህ አለች ወይ አልልም፤ አንተ አለህ ወይ ነው የምለው። ሴቶቹ የሚመጡት ወንዱ የመጣበት ማሳ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የማንኳኳው ያንተን ነው አያ ካሳ፣ በረከቱን አንተ ስለምታውቀው።»

አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ካሳ ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ እንቢ ግን አላለም። እፀገነት የሞተር ቁልፏን እያሽከረከረች መሬት መሬት ታያለች፣ እንዳትስቅ።

ኡሙሃኒ ሁሉንም ትታ ወደ ኡበይድ ቀረበች። ልጇ ከእሷ በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ ሽቅብ ነው ያየችው። ፊቱ ላይ ላብ አለ፣ ዓይኑ ላይ ደግሞ ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ የነበረው ያ ነገር አለ፤ ለመሸሽና ለመምጣት እኩል የተዘጋጀ። ትወደዋለች። አሁን ለዚህ ጊዜ የላትም።

«አንተ ግን ጅጌ አትጠብቅም» አለችው። «የጀዊሪያ መስመር ያ ነው፣ ከድንበሩ ድንጋይ እስከ ቦዩ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ይይ። ሱሪህን ሰብስብና ተንበርከክ ኡበይድ። ይቺን ሙጃ ጤፉን ሳትነካ፣ ከነሥሯ፣ አሁን ንቀልና እጄ ላይ አስቀምጥልኝ።»